ከፎቶሽ ላይ ያጠፋሁት አገጭ

ውድ ልጄ፣

ይህን በእጄ የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስልክማ እደውልልሻለሁ፤ ግን ድምፅሽን ስሰማ አፌ የሚያወራው ሌላ ነው። "ብርድ አለ?" እላለሁ። "ትምህርት እንዴት ነው?" እላለሁ። "አክስትሽ ደህና ናት?" እላለሁ። አንቺም "ደህና ናት" ትያለሽ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ እኔም "በይ እንግዲህ፣ ደንበኛ መጣ" ብዬ እዘጋለሁ። አምስት ወር ሙሉ እንዲያ ብዬ ስዘጋ አንድም ቀን ደንበኛ መጥቶ አያውቅም።

እናትሽ እሑድ እሑድ አንቺ ጋ ስትመጣ እኔ ለምን እንደምቀር አንድም ቀን አልጠየቅሽም። "ሥራ በዝቶበት ነው" እንደምትልሽ አውቃለሁ፤ እንዲያ በዪልኝ የምላት እኔው ነኝ። እሑድ ፎቶ ቤቱ ዝግ መሆኑን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፊትሽን ለማየት አፍሬ ነው።

ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። አንደኛው ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቼ የት እንደምሄድ ነው። እናትሽ ነገሩ ከንክኗት "ይሄ ሰውዬ ሌላ ጣጣ ይኖረው ይሆን?" ብላ አክስትሽን ስታማክር አንቺም ሰምተሽ ይሆናል። ሌላ ጣጣ የለኝም፤ ያለኝ ጣጣ ይበቃኛል። ሁለተኛው የምረቃ ፎቶሽን ምን እንዳደረግኩት ነው። ይሄንን ታውቂዋለሽ፤ ሙሉውን ግን አታውቂውም።

"ፎቶ አልወድም" ማለት የጀመርሽው በአሥራ አራት ዓመትሽ ነው። የፎቶ አንሺ ልጅ ፎቶ አልወድም ስትል ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ትዞሪያለሽ፣ መጽሐፍ ፊትሽ ላይ ትከልያለሽ፣ ከእናትሽ ጀርባ ትገቢያለሽ። አራት ዓመት ሙሉ ያለኝ ፎቶሽ የጀርባሽ ብቻ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰሽ የተመረቅሽ ቀን ግን ለምኜ ለምኜ ተቀመጥሽልኝ። ጥቁሩን ጋዋን እንደለበስሽ በዚያች በምትሽከረከረው ወንበር ላይ ሆነሽ "አባዬ ቶሎ በል፣ ሞቀኝ" አልሽኝ። "አገጭሽን ትንሽ ቀና" አልኩሽ፣ በቀን ሃምሳ ጊዜ የምለውን። ሳቅሽ። ምን እንዳሳቀሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ሳቅሽ ላይ አነሳሁሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ፎቶ ሊነሳ ነው ይባላል እንጂ ሊታረም ነው። አንዱ ብጉሬን አጥፋልኝ ይላል፣ ሌላዋ አፍንጫዬን ቀጠን አድርጋት ትላለች፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ "ሳታስታውቅ ቀንሰኝ" ይላል። ያ ለመንጃ ፈቃድ ሊነሳ መጥቶ ፀጉር ጨምርልኝ ያለው መላጣ ሰውዬ ትዝ ይልሻል? "ፖሊስ ቢያስቆምህስ?" ስለው "ኮፍያ አድርጌ እነዳለኋ!" ያለኝ። አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ አፍሽን ይዘሽ በሳቅ ስትፈርሺ ነበር። እኔም ሠራሁለት። የሰው መልክ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክፉ ነገር እየሠራሁ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በተመረቅሽ ማግስት በምሳ ሰዓት "ዝግ ነው" የሚለውን ሰሌዳ ገልብጬ ፎቶሽን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩ። ያሰብኩት ጉንጭሽ ላይ ያረፈችውን የፀጉር ዘለላ ላንሳ ብዬ ነበር። አነሳኋት። ከዚያ እጄ አልቆም አለ። አገጭሽ ሥር ያለችውን እጥፋት ደመሰስኩ። ጉንጭሽን ወደ ውስጥ ገፋሁ። ክንድሽን አጠበብኩ፤ ትከሻሽንም አቀጠንኩ። ለደንበኛ በአሥር ደቂቃ የምጨርሰውን ላንቺ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀሁበት፤ እንዳያስታውቅ ፈልጌ። ምሳዬንም አልበላሁም። ስጨርስ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ ነው የምልሽ። ስጦታ የሠራሁልሽ መስሎኝ ነበር።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። የማንንም ደንበኛ ፎቶ ስነካ ዋናውን፣ ያልተነካውን፣ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ሰው "አበዛኸው፣ መልሰው" ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ዋናው አይነካም። ሙያውን ከጀመርኩ ጀምሮ ይህን ሕግ አፍርሼ አላውቅም። ያንቺን ግን በዋናው ላይ ደርቤ አስቀመጥኩት። ተሳስቼ እንዳይመስልሽ። ኮምፒውተሩ "የቀድሞው ይጠፋል፣ ይቀጥል?" ብሎ ጠይቆኛል። "አዎ" የሚለውን ተጫንኩ። አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እንዳታወዳድሪ ብዬ ነው።

በትልቁ አሳትሜ፣ ጥሩ ፍሬም አስገብቼ፣ መንገድ ዳር ባለው መስታወት ውስጥ ሰቀልኩት። እናትሽ ከሥራ ስትመለስ ቆም ብላ አየችውና "ትንሽ አልቀጠነችም እንዴ?" አለችኝ። "መብራቱ ነው" አልኳት። ሠላሳ ዓመት የተማርኩት ሙያ ለዓይን ያወጣ ውሸት ጠቀመኝ።

አንቺ በሦስተኛው ቀን ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር መጣሽ። ከውስጥ ሆኜ አያችኋለሁ፤ ፊቴ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ጓደኞችሽ ጮኹ፣ አጨበጨቡ። አንቺ ባለሽበት ቆምሽ። ፀሐይዋ ከኋላሽ ነበረች፤ የራስሽ መልክ መስታወቱ ላይ አርፎ ከፎቶው ጎን ይታይሽ ነበር። እንዳታወዳድሪ ብዬ ያጠፋሁትን መስታወቱ አወዳደረሽ። ከዚያ ብቻሽን ገባሽና "አባዬ፣ ይቺ ማናት?" አልሽኝ።

"አንቺ ነሽ እንጂ፣ ማን ትሆናለች?" አልኩሽ እየሳቅኩ።

"እ…" አልሽ። "ቆንጆ ናት።"

ወጣሽ። እኔ ሞኙ የወደድሽው መሰለኝ። "ናት" ማለትሽን፣ "ነኝ" አለማለትሽን፣ ከወራት በኋላ ነው የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺው ታውቂዋለሽ፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። መጀመሪያ "ከጓደኞቼ ጋር በልቻለሁ" መጣ። ቀጥሎ "ሆዴን አመመኝ" መጣ። ኮሌጅ ስትገቢ ደግሞ "ካፌ በላሁ" ሆነ። እናትሽ ቁም ሣጥንሽን ስታጸዳ በወረቀት የተጠቀለለ የሦስት ቀን እራት አገኘች። የኮሌጁ ደረጃ ላይ ተዝለፍልፈሽ የወደቅሽ ቀን ሐኪሙ "ይቺ ልጅ ሆን ብላ ነው የማትበላው፤ ምን ተባለች?" ብሎ ጠየቀን። እናትሽ ወደ አንቺ ዞረች። አንቺ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔን አየሽኝና "ፈተና አጨናንቆኝ ነው" አልሽ። ሸፈንሽልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሚያሳፍረኝ ግን ይኼ አይደለም፤ የሚያሳፍረኝ በዚያች ደቂቃ እፎይ ማለቴ ነው።

አክስትሽ ነርስም ስለሆነች፣ ቤቷም ለኮሌጁ ስለሚቀርብ እሷ ጋ ገባሽ። በገባሽ ሳምንት ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ። "የሚያናግራት ሰው ፈልግላት፤ እኔ ክብደቷን እለካለሁ እንጂ ሆዷ ያለውን አላውቅም" አለችኝ። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው ሁለት ሳምንት ዞርኩ። በመጨረሻ ስደውልም "ለአንድ ጓደኛዬ ልጅ ነው" አልኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉሻል እኔን ነው።

የመጀመሪያው ሰውዬ ለካ የአመጋገብ አማካሪ ኖሯል። ግድግዳው ላይ "በፊት" እና "በኋላ" የሚሉ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ በሙያዬ ጠጋ ብዬ አየኋቸው፣ "በኋላ" የሚሉት ግማሾቹ የኔን መሰል ሰው እጅ ያረፈባቸው ናቸው። "ታካሚዋስ?" አለኝ። አልመጣችም አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና "ግድ የለም፣ እስከዚያው እርስዎ ይመዘኑ" ብሎ በእግሩ ሚዛኑን ወደኔ ገፋ አደረጋት። "መኪናዬን ያለ ቦታዋ አቁሜያት ነው፣ መጣሁ" ብዬ እግሬ አውጪኝ። መኪና እንደሌለን ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ጸሐፊዋ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ "ለውፍረት ነው ለጭንቀት?" ብላ ጮኸችብኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሠርጉን ያነሳሁለት ሰውዬ ነበር። አየኝ፣ አየሁት። "ፎቶ ላደርስ ነው" አልኩ፤ እጄ ላይ ምንም የለም። እሱም አቀርቅሮ "እኔም ሰው ልጠይቅ ነው" አለኝ። ተያይተን ተዋሸንና ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ልጄ ልትሞትብኝ ነው እኔ ስለ ኩራቴ አስባለሁ ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ቢሆንም ተመልሼ አልገባሁም።

ሦስተኛዋ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ሊፍት የለውም። ስደርስ ላብ በላብ ሆኜ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ግንባሬን እጠርጋለሁ። የሸበቱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ከፈቱልኝና "እኔም ሁልጊዜ እዚህ ስደርስ እንዲሁ ነኝ" አሉ። ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ዝግ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ፤ ሌላ ነገር የለም። ሚዛን መኖር አለመኖሩን በዓይኔ ፈለግኩ። የለም።

"ልጄን እንዲያዩልኝ ነው" አልኳቸው። ቢያንስ "የጓደኛዬ ልጅ" አላልኩም፤ ያችን ታህል ተሻሽዬ ነበር።

"ልጅዎ ልትመጣ ትፈልጋለች?"

"አልጠየቅኳትም።"

"እሷ ስትፈልግና ራሷ ስትመርጥ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ እናወራለን። አሁን ግን አንድ ሰው መጥቷል።"

ዞር ብዬ በሩን አየሁ። እውነቴን ነው፣ ሰው የገባ መስሎኝ ነው።

"እርስዎን ነው የምልዎ" አሉኝ።

እንዲህ ነው የማክሰኞው ነገር የተጀመረው። አራት ማክሰኞ ስለ ካሜራ ዓይነት፣ ስለ ሌንስ፣ ስለ ደንበኛ አመል ሳወራ ቆየሁ። ጃኬቴን አላወለቅኩም። "ይሞቃል፣ ያውልቁት" ሲሉኝ "ብርድ ብርድ ይለኛል" እላለሁ፤ ላቤ ግን አንገቴ ላይ ይወርዳል። እሳቸውም አንድ ቀን "ብርዱ በላብ ነው የሚወጣልዎ?" አሉኝ። ሳቅኩ። ሳቅ ደግሞ እንደምታውቂው የኔ መደበቂያ ናት።

በአራተኛው መጨረሻ ላይ "በሚቀጥለው የራስዎን ፎቶ ይዘው ይምጡ" አሉኝ። ፎቶ አንሺ ቤት ፎቶ የጠፋበት ጉድ! አልበሙን ሁሉ አገላበጥኩ። አንቺና እናትሽ በየገጹ አላችሁ፤ እኔ የለሁም። አንድ የባሕር ዳርቻ ፎቶ ላይ ብቻ አሸዋው ላይ ጥላዬ ወድቋል። የተገኘው የመታወቂያ ፎቶዬ ነበርና እሱኑ ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ።

"እኚህ ማናቸው?" አሉኝ። "ታናሽ ወንድምዎ ናቸው?"

እየቀለዱ አልነበረም፤ እሱንም እኔው አቀጥኜው ነበር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ያንቺ ድምፅ መጣብኝ። "አባዬ፣ ይቺ ማናት?" ሳቄ ከመሃል ተቆረጠ። ሳላስበው እንባዬ ወረደ፤ ለሴትዮዋ ሳልጠየቅ መናገር ጀመርኩ። ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት የማላውቀውን ነው የነገርኳቸው፤ አንቺም ስሚው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ የትምህርት ቤት ልብስ ሊያሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰደኝ። ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠመጠመና ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ "ለዚህስ የሁለት ልጅ ጨርቅ ነው!" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወደ አባቴ ቀና አልኩ። እሱም ይስቅ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ የሚወድ ሰው ነበር። ከወረፋው መሃል የክፍሌ ልጅ ኖሮ በማግስቱ ክፍል ስገባ ስሜ "ድርብ" ሆኖ ጠበቀኝ። ትምህርት እስክጨርስ ድርብ ነበርኩ። ካሜራ የያዘን ሰው ማንም እንደማያየው ያወቅኩ ጊዜ ሙያዬን መረጥኩ።

ይህን ብቻ ቢሆን የተናገርኩት "አሳዛኝ ልጅ ነበርኩ" ብዬ ተነስቼ መውጣት እችል ነበር። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም። "ከልጅዎ ፎቶ ላይ ምን ምኑን ነው ያነሱት?" አሉኝ።

እንደ ደንበኛ ትዕዛዝ ዘረዘርኩ። አገጭ። ጉንጭ። ክንድ። ትከሻ።

"እነዚህ የማን ናቸው?"

"የልጄ።"

ማራገቢያው ሁለት ሦስቴ ዞረ። አገጬን በእጄ ይዤ እንደተቀመጥኩ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

"የኔ" አልኩ።

ልጄ፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ያየሽ ሁሉ "ቁርጥ አባቷን!" ይላል። አንቺ ደስ ይልሽ ነበር፤ እየሮጥሽ መጥተሽ ጉንጭሽን ከጉንጬ ትለጥፊና "እውነት እንመሳሰላለን?" ትያለሽ። እኔ ግን በሆዴ አፍር ነበር። ስላንቺ አልነበረም፤ "ይቺን ልጅ ምን አወረስኳት" እያልኩ ነበር። "ድንቡሼ" እያልኩ እጠራሽ የነበረው ስም ድንገት የቀረው ለምን እንደሆነ ገርሞሽ ይሆናል። አሥር ዓመት ሲሞላሽ ክንድሽ የኔን ክንድ እየመሰለ መጣ፤ ስሙን መጥራት ፈራሁ። ካንቺ የተቀነሰው ስም ብቻ አልነበረም፣ እኔም ከዚያ ወዲህ በደንብ አላየሁሽም።

አንድ ሌላም አለ፤ ይሄንን አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ ብትረሺው ደስ ይለኛል። ሰባት ዓመትሽ ላይ ከትምህርት ቤት የቤተሰብ ፎቶ አምጡ ተባላችሁ። እኔ ያለሁበት አልተገኘም። አንቺም የእናትሽንና ያንቺን ፎቶ ወረቀት ላይ ለጥፈሽ እኔን በእርሳስ ከጎን ሣልሽኝ። የወረቀቱን ግማሽ የያዝኩ፣ እጆቼ ሁለታችሁንም ያቀፉ ትልቅ ሰው አድርገሽ ነበር የሣልሽኝ። ስታሳዪኝ "ምነው፣ ትንሽ አሳንሺኝ እንጂ!" ብዬ ቀለድኩ። ላጲስሽን አመጣሽና አጠፋሽኝ። ቀጭን ሰው አድርገሽ እንደገና ሣልሽኝ፤ እጆቹ ግን እናንተ ጋ አልደረሱም። መደምሰስን ያስተማርኩሽ ያን ቀን ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ አይደለም።

ከዚያ ማክሰኞ ስመለስ ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ፎቶሽን ከመስታወቱ አወረድኩና ለእናትሽ ነገርኳት። "መብራቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የቀነስኳት" አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና "እኔ ደግሞ በየቀኑ ባለፍኩ ቁጥር ያንተን ሥራ ሳደንቅ፣ ልጄ ቤት ውስጥ ስታልቅ አላየሁም" አለች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤት ድረስ መጣችና "በል፣ ዋናውን አሳየኝ። ልጄን አሳየኝ" አለችኝ።

የለም አልኳት።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ኮምፒውተሩንም፣ ሌላ ሥራ የተነሳበትን የካሜራውን ካርድም ተሸክሜ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩ። ሁለት ቀን ሞከረ። "ዝም ብሎ የጠፋ ቢሆን እፈልገው ነበር፤ በላዩ ላይ ሌላ ከተጻፈበት ግን አይመለስም" አለኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ካሜራ ፊት ሳቅሽ፤ ያችን ሳቅ እኔ፣ አባትሽ፣ "አዎ" ብዬ አጠፋኋት። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፌን ይይዘኛል። ቢሆንም ጻፍኩት፤ ይቅር በዪኝ።

ይህን ለሴትዮዋ ስነግራቸው ምንም አላጽናኑኝም። "ታዲያ አሁን ምን ማድረግ ይችላሉ?" ብቻ አሉኝ። አንድ ሳምንት አሰብኩበት። በስምንተኛው ቀን እናትሽን ካሜራው ጋ አቆምኳትና እኔ በዚያች በምትሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጃኬቴን አወለቅኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሠላሳ ዓመት ሰውን "ዘና በሉ" ስል ኖሬ ዘና ማለት ምን እንደሆነ እንደማላውቅ ያን ቀን ገባኝ። እናትሽ በካሜራው ውስጥ ረጅም ጊዜ አየችኝና "አገጭህን ትንሽ ቀና" አለችኝ። ሳቅኩ። አንቺን ምን እንዳሳቀሽም ትንሽ የገባኝ መሰለኝ።

ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ አላቃናሁትም። ሆዴ አለ። ክንዴ አለ። አገጬ ከነእጥፋቱ አለ። በትልቁ አሳትሜም ያንቺ የነበረበት ቦታ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የጎረቤታችን ጫማ ሠሪ "ምነው፣ ደንበኛ ጠፋና ራስህን መስቀል ጀመርክ?" ብሎ ሲያሾፍብኝ ሁለት ቀን ሰነበተ። የመጀመሪያውን ቀን ሦስቴ ላወርደው ተነስቼ ነበር፤ አሁንም ከውጪ ስመጣ ፊቴን አዙሬ ነው የምገባው። አልዳንኩም፤ ድኛለሁ ብዬ ሌላ የታረመ ፎቶ አልልክልሽም። ግን ትናንት አንዲት የቆዩ ደንበኛችን፣ ልጅ ሳለሽ ከረሜላ ይሰጡሽ የነበሩት፣ መስታወቱ ፊት ቆመው ቆመው ገቡና "አሁን ገና ልጅህን መሰልክ!" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ቁርጥ አባቷን ሲሉ አፍር የነበርኩ ሰው፣ ልጅህን መሰልክ ሲሉኝ ኮራሁ።

ስለዚህ ያጠፋሁትን ልመልስልሽ አልችልም፤ ጠጋኙም አልቻለም። ያልነካሁት ግን አንድ ፎቶ ቀርቷል፤ የኔው ነው፣ በእጅሽ አለ። አገጭሽን ከዚያ ላይ ታገኚዋለሽ። ጉንጭሽንም፣ ትከሻሽንም። ሳቄንም ብታዪ ካንቺ ሳቅ ጋር አንድ ዓይነት ናት።

ከፎቶው ጀርባ የሴትዮዋን ስልክ ጽፌያለሁ። ሂጂ አላልኩሽም። ሌላ ሰው ብትመርጪም፣ ማንንም ባትመርጪም፣ ያንቺ ነው። ብትሄጂ ግን ማክሰኞ ከሰዓት የኔ ቀን ነውና ደረጃው ላይ እንዳንጋጭ ሌላ ቀን ያዢ፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ አናልፍበትም። ይሄ ቀልድ ካስቀየመሽ ሰርዢው፣ ሁለተኛ አልቀልድም።

በሚመጣው እሑድ ከእናትሽ ጋር እመጣለሁ። ካሜራ አልይዝም። በሩን ባትከፍቺልኝ አልቀየምም፤ እናትሽ እስክትጨርስ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ብትከፍቺልኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ እስክጠግብ ልይሽ። እስከ ዛሬ ሳስተካክልሽ ነው እንጂ አይቼሽ አላውቅም።

አንቺን የሚመስለው፣
አባትሽ